መጣሁ የማይባልበት ቤት

ትርንጎ ቤት ውስጥ «መጣሁ» ብሎ መውጣት ክልክል ነው። ሰው ሁሉ ሱቅ ደርሶ ለመመለስ ሲነሳ፣ ገና እግሩ ከደጃፍ ሳይወጣ «መጣሁ» ይላል፤ የአማርኛ ወጉ ነው። እሷ ግን ይህችን ቃል መስማት አትችልም። ልጇ ፀዳል ትንሽ ሳለች በዚህች ቃል ተቆንጥጣለች። የልጅ ልጇ ሰብሊም ያደገችው «እሄዳለሁ በይ። መጣሁ የሚባለው ሲመለሱ ነው» እየተባለች ነው። ለምን እንደሆነ ትርንጎ ራሷም አታውቀውም ነበር። ብቻ ቃሉን በሰማች ቁጥር ጉሮሮዋ ይደርቅና ውኃ ይጠማታል።

ቤቷ ጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ባልባላ፣ ዋራበሌ በሚባል ሰፈር ነው። ግማሹ ብሎኬት፣ ግማሹ ቆርቆሮ፤ ሁለት ክፍልና ፊት ለፊቱ ጠበብ ያለ ግቢ። ዕድሜዋ ሃምሳ አምስት ገደማ ይሆናል፤ ገደማ የተባለው የተወለደችበትን ቀን የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በሰው ቤት ሠርታለች፤ መጀመሪያ ሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ ለፈረንሳዮች ልብስ ስትተኩስ፣ አሁን ደግሞ ሆዳን በሚባል ሰፈር ሱሪያ ለምትባል አስተማሪ ምግብ ስታበስል። ባሏ ጉታ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሲመላለስ ኖሮ፣ አንድ ቀን መኪናው ከነጭነቱ ገደል ገባ። ፀዳል ዓረብ አገር ሄደች፤ አሁን የምትታየው በስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ትርንጎ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ሰብሊ፣ አልጋ ላይ የዋለችው እንቁ።

እንቁ የትርንጎ የሥጋ ዘመድ አይደለችም። ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በፊት በአንድ ባቡር አብረው የመጡ ናቸው። ያን ጊዜ እንቁ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ትርንጎ አራት ቢሆናት ነው። እንቁ አዝላ አሳደገቻት። በሰው ጓዳ፣ በአንድ ፍራሽ፣ ጀርባና ሆድ ሆነው ተኙ። ትርንጎ «እትዬ» እያለቻት አደገች። እንቁ አላገባችም፣ አልወለደችም። አምና በሐምሌ ሙቀት ግን ግማሽ አካሏ ድንገት አልታዘዝ አላት፤ አንደበቷም ተሳሰረ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል ለማውጣት አንድ ጀሪካን ውኃ የተሸከመች ያህል ያደክማታል።

ትርንጎን እንቅልፍ የነሳት የእንቁ መታመም ብቻ አልነበረም። እናቷን በዓይኑ ያየ ሰው ከእንቁ በቀር አልቀረም። እንቁ ከሄደች የእናቷ መልክ፣ አገሯ፣ አሟሟቷም አብሮ ሊሄድ ነው። በእጇ ያለው ስም ብቻ ነው። መታወቂያዋ ላይ፣ የእናት ስም በሚለው መስመር፣ በፈረንጅ ፊደል «ትሁን» ተብሎ ተጽፏል።

በዚያ ስም ኖራለች። ጉታ ሊያገባት በጠየቀ ጊዜ ኮከባቸው ይገጥም እንደሆነ ለማየት ወደ አንድ ደብተራ ተሄደ። ኮከብ የሚቆጠረው ደግሞ በራስና በእናት ስም ነው። ደብተራው «የእናትሽ ስም?» ሲላት ቀና ብላ «ትሁን» አለችው። ያን ቀን ከመሬት የበቀለች ሳትሆን ከሰው የተወለደች መሆኗ የተመሰከረላት መሰላት። በየዓመቱ ለትሁን ጧፍ ታበራለች። ሰብሊ ትምህርት ቤት ገብታ ደብተሯን እያመጣች አያቷን ፊደል ስታስቆጥራት፣ ትርንጎ አርባ አልፏት ነበርና ጎረቤት ሳቀ። በገዛ እጇ መጀመሪያ የጻፈችው ታዲያ የራሷን ስም አይደለም። በቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በእርሳስ፣ «ትሁን» ብላ ጻፈች። «ት» ዘንበል ብላለች፤ «ን» ከሌሎቹ ትበልጣለች። እስከ ዛሬ አለች።

ነገር ግን «እትዬ፣ እስኪ ስለ እናቴ ንገሪኝ» ባለች ቁጥር የእንቁ መልስ አንድ ነበር።

«ኋላ።»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ «ኋላ»።

ሰኔ ሲገባ ነፋሱ አሸዋ ይዞ መጣ፤ መብራትም እየጠፋ ያመሽ ጀመር። ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቱ ምድጃ ስለሚሆን ትርንጎና ሰብሊ የእንቁን አልጋ በሁለት ወገን ይዘው ግቢ ያወጡታል። አንድ ቀን ነፋሱ አርፎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሰማዩ የጠራ ምሽት ነበር። ጎረቤታቸው አበሩ፣ ሻይ ቤት ያላት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት፣ በርጩማዋን ተሸክማ መጣች።

«ሰብሊዬ፣ ኮከብ ነው የምትማሪው አሉ። እስኪ የእኔን ቁጠሪልኝ፤ ደስታው ይመለስ እንደሆን።» ደስታው ከሄደ ሰባት ዓመት የሞላው ባሏ ነው።

«እትዬ አበሩ፣ የእኛ ኮከብ ቆጠራ አይደለም እኮ።»

«ታዲያ ለምኑ ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ መንከራተት? ደብተራው በአንድ ጠርሙስ አረቄ ይቆጥርልሽ የለም?»

«ደብተራው የእናት ስም ይዞ ወደ ኮከቡ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ኮከቡን ይዘን ወደ እናቱ ነው የምንሄደው።»

«ኤዲያ! ኮከብ ደግሞ እናት አለው?»

«አለው።»

ትርንጎ እንቁን የምታራግብበትን ካርቶን አቆመች።

«እስኪ ንገሪኝ» አለች።

ሰብሊ ከምሥራቅ ብቅ እያለ የነበረውን ነጭ ጎዳና አሳየቻት። «ያ ፍኖተ ሐሊብ ነው፤ የወተት መንገድ ማለት ነው። የእኛ የከዋክብት አገር፣ ጋላክሲ የምንለው፣ እሱ ነው። እኛም ያለነው እዚያው ውስጥ ነው። ዙሪያውን ደግሞ በጣም ያረጁ ከዋክብት በመቶ ሺህ እየሆኑ፣ ተጠጋግተው፣ ኳስ መስለው የሚኖሩባቸው ስብስቦች አሉ። መቶ ሃምሳ ይሆናሉ። ከአንድ ደመና አብረው ተወለዱ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተለያዩም።»

«ማኅበርተኞች ናቸዋ» አለች ትርንጎ።

«ማኅበር ከሆነማ ጠላ አለበት!» አለች አበሩ። ሰብሊ ሳቀች፤ ትርንጎ ግን አልሳቀችም።

«ማርጀታቸው በምን ይታወቃል?»

«በብረት። ኮከብ ሲሞት ከሚተወው አመድ ውስጥ ብረት አለ። ከዚያ አመድ የሚወለደው ኮከብ ትንሽ ብረት ይዞ ይወለዳል፤ እሱም ሲሞት ለሚቀጥለው ይጨምራል። ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና በትነን ስናየው ስንት ብረት እንደያዘ ይታያል። ማኅበርተኞቹ ብረታቸው ትንሽ ነው። ገና ብዙ ኮከብ ሳይሞት ነው የተወለዱት። ስለዚህ ጋላክሲው ልጅ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ከእነሱ በቀር የሚነግረን የለም።»

«ሁሉም የዚህ አገር ተወላጆች ናቸው?»

ሰብሊ አያቷን ዞር ብላ አየቻት። ያን ጥያቄ የጠየቀ ከክፍሏ ልጆች አንድም አልነበረም። «አይደሉም። ትልቁ ጋላክሲ ትንንሾቹን እየዋጠ ነው ያደገው። ትንሿ ትፈርሳለች፤ ማኅበርተኞቿ ግን ሳይበተኑ እዚህ ይቀራሉ። በዕድሜያቸውና በብረታቸው፣ በአካሄዳቸውም እንግድነታቸው ይታወቃል። ያቺን ታያለሽ? ከኮረብታው በላይ፣ ደብዘዝ ያለችውን? ኮከብ ትመስላለች እንጂ ስብስብ ናት። ብዙ ሊቃውንት የአንዲት የተዋጠች ጋላክሲ እምብርት ናት ይላሉ። ሌላው ሁሉ ወዲህ ሲዞር እሷ ወዲያ ነው የምትዞረው።»

«እናቲቱስ?»

«የለችም። ተበትናለች።»

«ስሟ?»

«ሊቃውንቱ ኋላ ስም አወጡላት። እሱንም ገና አልተስማሙበትም።»

ትርንጎ ደብዛዛዋን ኮከብ ለረጅም ጊዜ አየቻት። አበሩ በርጩማዋን አንስታ «በሉ ደኅና እደሩ፤ እኔስ ሙቀቱ ሲበቃኝ እንኳን ኮከብ ባሌንም አልፈልግ» ብላ ሄደች። ሰብሊ ፈገግ አለችና ወደ አያቷ ተጠጋች።

«አንቺም እኮ እማዬ የራስሽ ብረት አለሽ። ‹መጣሁ› ሲባል የምትደነግጪው። ከየት እንዳመጣሽው አታውቂም እንጂ ከድሮ ይዘሽው የመጣሽው ነው።»

ከአልጋው ላይ ድምፅ ተሰማ። እንቁ ነበረች። ደኅናው ዓይኗ እንባ ሞልቶ በጆሮ ግንዷ ይወርዳል። ትርንጎ ሙቀቱ መስሏት ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችላት።

በማግስቱ ዓርብ ነበር፤ ጅቡቲ ዓርብ ሥራ የለም። ትርንጎ እንቁን አጥባ፣ ልብሷን ለውጣ፣ አጥሚት ስታጎርሳት እንቁ ማንኪያውን በግራ እጇ ገፋችው።

«ያች ቃል... መጣሁ...» አለች። «እሷ ናት ያለችው።»

«ማን?»

«እናትሽ።»

ትርንጎ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። የዚያን ቀን ጠዋት እንቁ ቃል በቃል፣ እያረፈች፣ አንዳንዴም ዓይኗን ጨፍና ያወጣችው ነገር ሲጠራቀም ይህ ነበር።

እንቁ ከአጎቷ ቤት ጠፍታ ብቻዋን ነበር ባቡር የተሳፈረችው። ልጅ የታቀፈች አንዲት ቀጭን ሴት ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ብዙ አልተናገረችም፤ ወዴት እንደምትሄድም አልተናገረችም። ልጅቱ በእጇ አንድ ትርንጎ ይዛለች፤ እየላሰች ፊቷን ታጨማድዳለች። ሙቀቱ በረታ። ልጅቱ ውኃ ውኃ እያለች አለቀሰች። አይሻ ጣቢያ ባቡሩ ቆመ። ሴትዮዋ ጣሳ አነሳችና ልጅቱን በእንቁ ጭን ላይ አኖረቻት። «እኅቴ፣ አንዴ ያዥልኝ። መጣሁ» አለች። ወረደች። ከውኃው ቧንቧ ዘንድ ሰው ተሰልፎ ነበር። ባቡሩ አፏጨ። እንቁ በመስኮት ጮኸች፤ ሴትዮዋ ጣሳውን ይዛ ስትሮጥ ታየቻት። ሻሿ ወደቀ። ከዚያ በኋላ አቧራ ብቻ ነበር የሚታየው።

«ስሟን አልጠየቅኋትም» አለች እንቁ። «ለአንድ አፍታ ነበራ። ምን ብዬ ስም እጠይቃለሁ?»

«ትሁን ነው እንጂ ስሟ!» አለች ትርንጎ፤ ድምፅዋ ሳታስበው ጨመረ። «መታወቂያው ላይ አለ!»

እንቁ ራሷን ነቀነቀች።

ጅቡቲ ሲደርሱ ጣቢያው ላይ ጸሐፊ ነበር፤ አጠገቡ አማርኛውን ባቡር ላይ የለቀመ አንድ አስተርጓሚ ቆሟል። «ልጅት እናት ማን?» አለ። እንቁ እናቷ ወደ ኋላ እንደቀረች ተናገረች። ሁለቱ በፈረንሳይኛ ተነጋገሩ፤ አንድ ወታደር መጥቶ ልጅቱን ሊወስድ እጁን ዘረጋ። እንቁ ልጅቱን አንቃ ይዛ እየጮኸች አለቀሰች። «ከእኔ ጋ ትሁን! እባካችሁ ከእኔ ጋ ትሁን!» አስተርጓሚው ጥያቄውን ደገመ። «እናት ማን?» እሷም ደገመች፤ «ትሁን! ትሁን!» አስተርጓሚው ለጸሐፊው አንድ ቃል ነገረው። ጸሐፊው ጻፈ። ወታደሩ እጁን መለሰ። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ እንቁ ያወቀችው ከዓመታት በኋላ፣ ሰው ሲያነብላት ነው።

«የአንቺንም ስም... ብጠይቅሽ ከማልቀስ በቀር አልመለስሽም። ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። በእጅሽ ትርንጎ ይዘሽ ነበር።»

እንቁ ግን አልጨረሰችም። የባሰው የቀረው ነበር።

«ባቡር በመጣ ቀን ሁሉ አዝዬሽ ጣቢያ እቆም ነበር። ሦስት ወር። አንድ ቀን ባቡሩ ሲያፏጭ ልቤ ደነገጠ። ዛሬ ትመጣ ይሆናል ብዬ።» እንቁ አረፈች። «ደስ ብሎኝ አይደለም። ፈርቼ ነው። ትወስድሻለች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ... አልሄድኩም።»

ግቢው ውስጥ ሰብሊ ልብስ ታጥባለች። ትርንጎ ተነሳች። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ያቺን ዘንበል ያለች «ት» አየቻት።

«ጧፉን ሁሉ ያበራሁት ለማን ነው እንግዲህ?» አለች፣ ወደ አልጋው ሳትዞር።

ነጠላዋን ደርባ ወጣች። እሄዳለሁም አላለች፤ መጣሁም አላለች።

ሚኒባስ ተሳፍራ ወርዳ፣ በእግሯ የድሮው ባቡር ጣቢያ ደረሰች። ከተማው ምሳውን በልቶ የሚተኛበት ሰዓት ነበር፤ መንገዱ ላይ ከፍየል በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። በሩ ተቆልፏል። አዲሱ ባቡር ከከተማው ውጭ፣ ናጋድ በሚባል ቦታ ነው የሚቆመው። ትርንጎ ብረቱን ይዛ ወደ ውስጥ አየች። ሐዲዱ አሸዋ በልቶታል። ዓብዱሰመድ የሚባል ሽማግሌ ዘበኛ ከጥላው ተነሳ፤ አማርኛ ይችላል።

«እናት፣ ባቡር ከዚህ ቀርቷል። ናጋድ ሂጂ።»

«ባቡር አይደለም የምጠብቀው።»

«ሰው ነው?»

«ውኃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ናት።»

ሽማግሌው የላስቲክ ወንበሩን አምጥቶ ጥላው ሥር አስቀመጠላት። ትርንጎ ተቀመጠች። በሐሳቧ በዚያች ሴት ፋንታ ጣሳ ይዛ ሮጠች፤ በእንቁ ፋንታም ልጅ አዝላ ቆመች። ማንኛዋንም ልቀየም ብትል ልቧ እምቢ አላት። አሥራ አራት ዓመት ስትል የሰብሊ የአሥራ አራት ዓመት ፊት ታወሳት፤ ገና ድመት የምትፈራ ልጅ ነበረች። ሱቆቹ ሲከፈቱ ተነሳችና ወደ ቤቷ ሮጠች ማለት ይቻላል።

ሰብሊ በር ላይ ቆማ ነበር።

«እማዬ፣ የት ነበርሽ? ‹ትመለሳለች ወይ› እያለች ስትጠይቀኝ ዋለች። ‹ትመለሳለች ወይ፣ ትመለሳለች ወይ› ብቻ። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ።»

እንቁ ዓይኗ ተገልጧል፤ ግን አንደበቷ ከነጭራሹ ተዘግቷል። ከሐኪም ቤት የመጣው ሰው ተስፋ እንደሌላት በትህትና ተናገረ። አበሩ ትርንጎን ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«እህቴ፣ ሐኪም ቤት ትተኛ። አንቺ ጠዋት ሥራ አለሽ፤ ልጅቱ ፈተና ላይ ናት። ማን ያገላብጣታል? እዚያ ቢያንስ ነርስ አለ።»

«አይሆንም።»

«ግትር አትሁኚ። ለእሷም ይሻላታል።»

«ከእኔ ጋ ትሁን» አለች ትርንጎ።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ሰማችው። አልጋው ላይ እንቁም ሰምታው ኖሯል፤ ግራ እጇ በአንሶላው ላይ እየዳበሰች ትፈልግ ጀመር። ትርንጎ ሄዳ ያዘቻት። ይቅርታ ለማለት ብትፈልግ መልስ የሚመልስላት አልነበረም። ስለዚህ ያንኑ ቃል ደገመችላት፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ብዙ ጊዜ።

እንቁ አሥራ አንድ ቀን ቆየች። በእነዚያ ቀናት አንድ ምሽት ሰብሊ አልጋው አጠገብ ወረቀት ይዛ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ያለን ይኸ ነው፤ ትርንጎ፣ ጣሳ፣ ሻሽ፣ አይሻ ጣቢያ፣ ‹መጣሁ›። ከዚህ ተነስተን...»

«ወዴት ያደርሰናል?»

ሰብሊ ወረቀቱን አየች። ልጅቱ መዋሸት አትችልም። «አይሻ ድረስ ያደርሰናል» አለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ ተበትኗል፣ እማዬ።»

ትርንጎ እሺ አለች። ካርቶኑን አንስታ እንቁን ማራገብ ቀጠለች።

እንቁ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ አረፈች። ለቀብሩ ወረቀት ሊያወጡ ሲሄዱ ጸሐፊው ወጣት ነበር፤ ለሟች ምኗ እንደሆነች ጠየቃት። ሰብሊ በፈረንሳይኛ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ትርንጎ ቀደመቻትና «እናቴ ናት» አለች በአማርኛ። ጸሐፊው ሰብሊን አያት። ሰብሊ በቋንቋው ነገረችው፤ እሱም ጻፈ። ዓመታቱን አስልቶ አሥር ዓመት ብቻ እንደሚበላለጡ ያስተዋለ አልመሰለም።

ከቀብሩ በፊት፣ ሴቶቹ በግቢው ውስጥ ሲያለቅሱ፣ ትርንጎ ወደ ውስጥ ገብታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። እርሳስ ፈለገች። ከ«ትሁን» በፊት ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ «ከእኔ ጋ» ብላ ጨመረች። ፊደሎቹ ተጣበቡ፤ «ጋ» ከመስመር ወጣች። እንደዚያው ተወችው።

መቃብሩ ላይ አፈር ተመለሰ። ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው ሄዱ። አበሩ የሰብሊን ክንድ ይዛ ወደ በሩ አመራች። ፀሐዩ ከዚህ በላይ አያስቆምም። ትርንጎ ብቻዋን ቀረች። የደረቀው አፈር ላይ ከያዘችው ፕላስቲክ ውኃ አፈሰሰች፤ አፈሩም ወዲያው ጠጣው። ጎንበስ ብላ በእጇ ደለደለችው። ጉሮሮዋ ደርቋል።

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለመሄድ ስትነሳ ብላው የማታውቀውን ቃል ያን ጊዜ ተናገረችው።

«መጣሁ፣ እትዬ» አለች።

ባዶውን ፕላስቲክ ይዛ ሰብሊና አበሩ ወደሚጠብቁበት በር ሄደች።